የዓይን ማደንዘዣ፦ ጠብታውና መርፌው

ደቅ ደሴት ላይ አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ፀሐይ አይችሉም። የምድጃ ጭስም አይችሉም። የዓይናቸው ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ ብሌናቸውን ይፍቀዋል። ልጃቸው «ባሕር ዳር ተሻግረን ይሥሩልሽ» ቢላቸው እምቢ አሉ። «ፀጉሩንስ ለምጄዋለሁ። መርፌውን ነው የማልችለው። ዓይን ላይ መርፌ ተተክሎ ማን ይተርፋል?» አሉ።

እኚህ እናት ብቻቸውን አይደሉም። በጣና ዙሪያ ብዙ ሰው ከሕክምና የሚቀረው ሕክምናውን ጠልቶ አይደለም። ሕመሙን ፈርቶ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ማደንዘዣ እንነጋገር። ማደንዘዣ ምንድነው? ስንት ዓይነት ነው? የትኛው ለየትኛው ሥራ ይሆናል? እያነበባችሁ ማንበብ ለማይችለው ጎረቤት ንገሩ።

መጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። የዓይን ማዝ፣ ሐኪሞች ትራኮማ የሚሉት፣ ከልጅነት ጀምሮ እየተመላለሰ የቆቡን የውስጥ ገጽ ያቆስላል። ቁስሉ ሲሽር ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ ደግሞ እንደ ደረቀ ቆዳ ይጨማደዳል። ሲጨማደድ ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ያን ጊዜ ሽፋሽፍቱ ዓይንን መፋቅ ይጀምራል። በብሌኑ ፊት እንደ መስታወት የጠራ ሽፋን አለ። ፀጉሩ ያን መስታወት እየፋቀ ያደበዝዘዋል። በመጨረሻ ዓይኑ ይጠፋል። ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ከልጆቻቸው ስለሚይዛቸው ይህ መከራ ከወንድ ይልቅ በሴት ላይ ይበዛል።

በ1998 ዓ.ም በመላ አገሪቱ የዓይን ጥናት ተደርጎ ነበር። ከ1,000 ሰው 16ቱ ዓይነ ስውር ሆነው ተገኙ። ከነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው። ከ100 ዓይነ ስውራን 11 ወይም 12 ያህሉን ደግሞ ያሳወረው ማዝ ያመጣው ጠባሳ ነው። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። የታጠፈ ቆብም በቀዶ ሕክምና ይቃናል። ሁለቱም የሚሠሩት ሰውዬው ሳይተኛ፣ እየሰማና እየተናገረ ነው። የሚደነዝዘው ዓይኑ ብቻ ነው።

አሁን ወደ እናትዬዋ ጥያቄ እንመለስ። «መርፌው ዓይኔ ውስጥ ነው ወይ የሚገባው?» ለታጠፈ ቆብ መልሱ አጭር ነው፤ አይደለም። መርፌው የሚገባው ከቆቡ ቆዳ ሥር ነው። ሥራው ሁሉ ቆቡ ላይ ነው። ሐኪሙ ቆቡን ጥቂት ይቆርጠውና ጫፉን ወደ ውጭ መልሶ ይሰፋዋል። ዓይኑን አይቆርጠውም።

ታዲያ ሲቆርጡት እንዴት አያምም? ሕመም ራሱን የቻለ ነገር አይደለም፤ መልእክት ነው። ከቆቡ እስከ አንጎል ድረስ እንደ ቀጭን ክር የተዘረጋ ጅማት አለ፤ ነርቭ ይባላል። ነርቭን እንደ መስኖ ቦይ አስቡት። በቦዩ ዳርና ዳር እጅግ ጥቃቅን በሮች አሉ። አንድ ነገር ሲወጋን በሮቹ እየተከታተሉ ይከፈታሉ። በየበሩ ሶዲየም የሚባል የጨው ቅንጣት ይገባል። መልእክቱም ከበር ወደ በር እየተቀባበለ አንጎል ይደርሳል። «አመመኝ» የምንለው ያን ጊዜ ነው። ማደንዘዣው በሮቹን ይዘጋል። በሩ ከተዘጋ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ቢላዋው አለ፣ ቁስሉም አለ፤ አንጎል ግን ወሬው አልደረሰውም። ጥቂት ሰዓት ሲያልፍ ደም መድኃኒቱን ጠርጎ ይወስደዋል፤ በሮቹም እንደ ዱሮው ይከፈታሉ። ነርቩ አልተበላሸም።

አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ እወቁ። ሕመምን የሚያመላልሱት ነርቮች ቀጫጭን ናቸው፤ ቶሎ ይደነዝዛሉ። መጫንንና መጎተትን የሚያሳውቁት ወፍራሞቹ ናቸው፤ እነሱ በደንብ ላይደነዝዙ ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ቆባችሁን ሲጎትት ይሰማችሁ ይሆናል። ክሩ ሲሳብ ይሰማችሁ ይሆናል። ይህ ማደንዘዣው እምቢ አለ ማለት አይደለም። መጎተትና ማመም ይለያያሉ። ይህን ያልተነገረው ሰው ክሩ ሲሳብ ደንግጦ ጭንቅላቱን ያነሣል። አደጋው እሱ ነው።

አንድን አካል ብቻ የሚያደነዝዘው ማደንዘዣ የተገኘው በዓይን ሕክምና ላይ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም። በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ኮካ የሚባል ቅጠል አለ። የአገሩ ሰው እንደ ጫት ያኝከዋል። ከዚያ ቅጠል ኮኬይን የሚባል ነገር ወጣ። በፈረንጆች አቆጣጠር 1884 ዓ.ም፣ እኛ አገር አፄ ዮሐንስ 4ኛ በነገሡበት ዘመን፣ ካርል ኮለር የሚባል ወጣት ሐኪም ቪየና ከተማ ላይ ነበር። ኮኬይን ምላስን እንደሚያደነዝዝ አስተዋለ። «ምላስን ካደነዘዘ ዓይንንስ?» አለ። በውሃ በጥብጦ እንቁራሪት ዓይን ላይ አንጠባጠበ። ዓይኗን በእስፒል ጫፍ ቢነካት አልተንቀሳቀሰችም። ቀጥሎ በራሱና በጓደኛው ዓይን ላይ ሞከረው። ምንም አልተሰማቸውም። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ይህ ግኝት ጀርመን አገር በተሰበሰቡ የዓይን ሐኪሞች ፊት ተነበበ። ኮለር ግን የመንገድ ገንዘብ አልነበረውምና ጽሑፉን ሌላ ሐኪም አነበበለት። ከዚያ በፊት የዓይን ሞራ የሚወጣለት ሰው በጉልበተኞች ተይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ ነበር የሚቆረጠው።

ኮኬይን ግን መዘዝ ነበረበት። የዓይኑን መስታወት ይጎዳል። ሱስም ያስይዛል። ስለዚህ ሊቃውንት ማደንዘዙን ይዘው ሱሱን የሚተው ነገር ፈለጉ። በ1905 ገደማ ጀርመኖች ፕሮኬይን የሚባለውን አመጡ። ድንዛዜው ግን ብዙ አይቆይም ነበር። በ1943 በፈረንጆች፣ ጣሊያን ከአገራችን ከወጣ ከ2 ዓመት በኋላ፣ ስዊድን አገር ኒልስ ሎፍግሬንና ባልደረባው ሊዶኬይንን ሠሩ። በ1957 እዚያው ስዊድን ቡፒቫኬይን ተሠራ። ስማቸው ሁሉ «ኬይን» ብሎ የሚያልቀው ከኮኬይን የወረሱት ስለሆነ ነው። ስሙን ወረሱ እንጂ ሱሱን አልወረሱም። «አደንዛዥ ዕፅ ወጉኝ» ብሎ የሚፈራ ሰው ካለ ይህን ንገሩት።

ዛሬ በዓይን ሕክምና የምታገኟቸው በተለይ ሦስት ናቸው፤ ቴትራኬይን፣ ሊዶኬይንና ቡፒቫኬይን። እንደ እርሻ መሣሪያ ቁጠሯቸው። ማጭድም፣ መጥረቢያም፣ ማረሻም ብረት ነው፤ ግን በማጭድ አይታረስም።

ቴትራኬይን ጠብታ ነው። ዓይን ውስጥ ይንጠባጠባል። ሲገባ ጥቂት ይቆጠቁጣል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያደነዝዛል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይለቃል። የሚያደነዝዘው የዓይኑን ገጽ ብቻ ነው። በውቂያ ጊዜ ገለባ ወይም እብቅ ዓይን ውስጥ ቢሰካ ለማውጣት እሱ ይበቃል። የቆብን ቆዳ ለመቁረጥ ግን አይበቃም፤ ጠብታው ቆዳ ዘልቆ አይገባምና።

ሊዶኬይን በመርፌ ይሰጣል። ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ ይሠራል። ለብቻው አንድ ሰዓት ወይም ጥቂት በለጥ ያለ ጊዜ ይቆያል። አብዛኛውን ጊዜ አድሬናሊን የሚባል መድኃኒት ይቀላቀልበታል። አድሬናሊን የደም ሥሮችን ያጠባል። ሥሮቹ ሲጠቡ ደም አይፈስም፤ ሐኪሙ የሚቆርጠውን በደንብ ያያል። ደሙ መድኃኒቱን ቶሎ ጠርጎ ስለማይወስደውም ድንዛዜው ይረዝማል። አንድ ቆብ ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ስለዚህ ለታጠፈ ቆብ ከሊዶኬይንና ከአድሬናሊን የተሻለ መፈለግ አያስፈልግም። ጥርስ ሲነቀልላችሁ ድዳችሁን የተወጋችሁት እሱኑ ወይም የእሱን ዘመድ ነው። ያን ከቻላችሁ ይህንንም ትችላላችሁ።

ቡፒቫኬይን ዝግተኛ ነው። ለመጀመር ከሊዶኬይን ይዘገያል፤ ከያዘ ግን 4 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ረጅም ሥራ ሲኖር፣ ወይም ከሥራው በኋላ ሕመሙ ቶሎ እንዳይመለስ ሲፈለግ ይመረጣል። አንዳንድ ሐኪም ሁለቱን ይቀላቅላል፤ ሊዶኬይኑ ቶሎ እንዲጀምር፣ ቡፒቫኬይኑ እንዲያቆይ። ከመጠን ካለፈ ግን ቡፒቫኬይን ልብን የሚጎዳው ከሊዶኬይን ይብሳል። ረጅም ቆይታውን ብቻ አይቶ «ይሄ ይሻላል» ማለት ትክክል አይደለም።

በብልቃጡ ላይ ያለው ጽሑፍ የፈረንጅ ፊደል ነው። ቁጥሩን ግን ታነቡታላችሁ። «2%» ካለ ከ100 እጅ 2 እጅ መድኃኒት ነው ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 20 ሚሊ ግራም ሊዶኬይን አለ። ለአንድ ቆብ 3 ወይም 4 ሚሊ ሊትር ይበቃል። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛልና፣ ለቆባችሁ የሚገባው አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም።

መጠኑ የሚወሰነው በሰውየው ክብደት ነው። በጥንቃቄ ሒሳብ፣ ሊዶኬይን ለብቻው ከሆነ ለ1 ኪሎ ክብደት 3 ሚሊ ግራም ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 50 ጊዜ 3፣ 150 ሚሊ ግራም ይሆናል። 150ን ለ20 አካፍሉት፤ 7 ሚሊ ሊትር ተኩል ነው። አድሬናሊን ካለበት እስከ 7 ሚሊ ግራም በኪሎ ይፈቀዳል። 50 ጊዜ 7፣ 350 ነው። ለ20 ሲካፈል 17 ሚሊ ሊትር ተኩል ይሆናል። ስለዚህ የሁለት ዓይን ቆብ በአንድ ቀን ለሚሠራለት ቀጭን ሰው አድሬናሊኑ ለደሙ ብቻ ሳይሆን ለመጠኑም ጠቀመው ማለት ነው። ክብደታችሁን ሲጠይቁ ወይም ሲመዝኗችሁ ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ።

መጠኑ ካለፈ ወይም መድኃኒቱ በስሕተት ደም ሥር ከገባ ሰውነት ራሱ ይናገራል። ከንፈርና ምላስ ይደነዝዛል። አፍ ብረት ብረት ይላል። ጆሮ ይጮኻል። ራስ ይዞራል። እንዲህ ከተሰማችሁ ዝም አትበሉ፤ ወዲያው ተናገሩ። በመርፌ ፍርሃት ብቻ ላብ ላብ የሚለውና ራሱን የሚስት ሰውም አለ። እሱ ጋደም ሲል ይመለስለታል።

አሁን ስለ ሞራ እንናገር። የዓይን ሞራ ያለው ከብሌኑ በስተኋላ፣ ዓይኑ ውስጥ ነው። ስለዚህ ማደንዘዣውም ጠለቅ ማለት አለበት። ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ጠብታ ብቻ ነው። ዓይኑ አይወጋም፤ ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ዓይኑ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። ታካሚው «ወደዚህ ተመልከት» ሲባል መመልከት፣ «አትንቀሳቀስ» ሲባል መርጋት አለበት። ሞራው በማሽን በጣም ትንሽ በሆነ ቀዳዳ ሲወጣ፣ ለሠለጠነ እጅ ይበቃል። ሁለተኛው በቀጭን መርፌ ከዓይኑ አጠገብ ወይም ከበስተኋላው መድኃኒቱን ማድረስ ነው። መርፌው ዓይኑ ውስጥ አይገባም፤ በዓይኑና በዙሪያው ባለው አጥንት መካከል ያልፋል። ያን ጊዜ ዓይኑ ይደነዝዛል፣ አይንቀሳቀስም፣ ለጥቂት ሰዓትም አያይም። ቀዳዳው ሰፋ ሲል ለሐኪሙ የሚመቸው ይህ ነው። አልፎ አልፎ ግን መርፌው ከበስተኋላ ደም ያፈሳል፤ እጅግ አልፎ አልፎም ዓይኑን ሊነካ ይችላል። ሦስተኛው መንገድ የመጣው ይህን ለማስቀረት ነው። ጠብታ ከተደረገ በኋላ የዓይኑን ነጭ የሚሸፍነው ስስ ልባስ በመቀስ ጥቂት ይከፈታል። ከዚያ ጫፉ የማይወጋ፣ ዱልዱም ቱቦ ገብቶ መድኃኒቱን ያፈሳል። ሹል ነገር ጠልቆ አይገባም። በዚህ መንገድ የታከሙ ሰዎች በጠብታ ብቻ ከታከሙት ያነሰ ሕመም እንደተሰማቸው በብዙ አገር ተጠንቷል። ዓይኑ ግን ደም ለብሶ ቀላ ሊል ይችላል፤ ቀይ ሆነ ብላችሁ አትደንግጡ።

እኔ ብጠየቅ፣ ፈሪ ሰው ጠብታውን ብቻ ይመርጣል እላለሁ፤ ምክንያቱም መርፌ የለበትም። ነገር ግን መርጋት የማይችል ሰው በጠብታ ብቻ መሠራት የለበትም። ምርጫው ያለው በታካሚው ጠባይ፣ በሥራው ዓይነትና በሐኪሙ ልምድ ላይ ነው። ትንንሽ ልጆች ደግሞ መርጋት ስለማይችሉ አብዛኛውን ጊዜ ይተኛላቸዋል።

ስለ ጠብታው አንድ ብርቱ ነገር አለ። ገለባ የገባበት ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ጠብታው ሲገባለት ሕመሙ በአንድ አፍታ ጥፍት ይላል። ተአምር ይመስለዋል። «እባክህ ብልቃጧን ስጠኝ፤ ቤቴ ሩቅ ነው፣ ሐይቅ ተሻጋሪ ነኝ» ይላል። ባለሙያው አይሰጠውም። ይህ ንፉግነት አይደለም። ጠብታው ሕመሙን ያስተኛል እንጂ ቁስሉን አያድንም። ደጋግመው ካደረጉት የዓይኑ መስታወት ቆዳ መዳን ያቅተዋል፣ ይላጣል፣ ይበሳል። ሕመም የማይሰማው ዓይን ደግሞ ሲታሽ አያውቅም፣ ሲቧጠጥ አያውቅም። በዚህ መንገድ ዓይናቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። በገበያ የሚሸጥላችሁ ቢኖር አትግዙ። ጎረቤታችሁ ቤት ካለም እንዲጥለው ንገሩት። ጤና ጣቢያ ውስጥ ጠብታው ከገባላችሁ በኋላም ድንዛዜው እስኪለቅ ዓይናችሁን አትሹ።

ለሥራው ቀን ስትሄዱ ጥርስ ስታስነቅሉ ወይም ሌላ ጊዜ ስትወጉ አሳክኳችሁ፣ አሳብጧችሁ ወይም ትንፋሽ አሳጥሯችሁ እንደሆነ ንገሩ። የልብ በሽታ ወይም የደም ግፊት ካለባችሁ፣ የምትውጡት ኪኒን ካለ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ንገሩ። ዓይኑ መግል ይዞ ካበጠ ሥራው ሌላ ቀን ሊባል ይችላል፤ ባበጠ ሥጋ ላይ ማደንዘዣ በደንብ አይሠራምና። ለቆብ ሥራ ሆድን ባዶ አድርጎ ማደር ግድ አይደለም፤ ለሞራ ግን ሆስፒታሉ የሚያዘውን ጠይቁ።

መርፌው ሲገባ ይቆጠቁጣል። ዋሽተን አንነግራችሁም። መድኃኒቱ ሲሰራጭ ለጥቂት ጊዜ ያቃጥላል፤ እስከ ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። ቀስ ብሎ የሚወጋ እጅ ማቃጠሉን ይቀንሰዋል፤ «ቀስ በልልኝ» ማለት ነውር አይደለም። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ሐኪሙ ቆባችሁን በመቆንጠጫ ያዝ ያደርግና «ያማል ወይ?» ይላል። እዚህ ላይ ነው እውነቱን መናገር የሚያስፈልገው። በአገራችን ወንድ ልጅ «አመመኝ» ማለት ያፍራል። ሴቲቱም ምጥ የቻልኩ ይህን እንዴት አልችልም ትላለች። ሐኪሙ ግን ጀግንነታችሁን አይፈልገውም። ካመማችሁ «አመመኝ» በሉት፤ መድኃኒት ይጨምርላችኋል። ችላችሁ ቆይታችሁ በመካከል ብትፈናጠሩ ቢላዋው ይስታል። ራሳችሁን ሳታነቃንቁ በአፋችሁ ተናገሩ። ጸሎት በልባችሁ ይሁን፤ ለማማተብ እጃችሁን አታንሡ፤ የተቀቀለውና የጸዳው ጨርቅ ይነካልና።

መቆረጥን ፈጽሞ እምቢ ያለ ሰውስ? በአማራ ክልል በ1,300 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በ2011 በፈረንጆች ታትሟል። ሰዎቹ የገባባቸው ፀጉር ከ6 ያነሰ ነበር። ግማሾቹ በቀዶ ሕክምና ታከሙ። ለግማሾቹ ጥሩ ወረንጦ ተሰጥቶ፣ ዓይኑ የሚያይ የቤተሰብ ሰው መንቀል ተማረ። ከ2 ዓመት በኋላ በሽታው የባሰባቸው ከነቃዮቹ ከ100 13 ያህል፣ ከተቆረጡት ከ100 2 ያህል ሆኑ። የዓይናቸው ብርሃን ግን በሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ነበር። ስለዚህ ፀጉሩ ጥቂት ከሆነ በመልካም ወረንጦ፣ በሚያይ ሰው እጅ መንቀል ጊዜ ይሰጣል። ፀጉሩ ከበዛ ግን ወረንጦ አያድንም። የደነዘዘ ወረንጦ ፀጉሩን ከሥሩ አይነቅለውም፣ ይሰብረዋል፤ የተሰበረ ፀጉር ደግሞ እንደ ገብስ ቆምጥ የባሰ ይወጋል።

ከሥራው በኋላ ዓይኑ ይታሸጋል። ሊዶኬይኑ ከሰዓት በኋላ ይለቃል። ያን ጊዜ ጥዝጠዛ ይጀምራል፤ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። እስኪለቅ ድረስ ዓይኑ ከተሠራ በኋላም አይሰማምና በእጅ አትንኩት። የደቅ ሰው በዚያው ቀን ወደ ጀልባ አይሩጥ። አንደኛ፣ በማግሥቱ እሽጉ ተነሥቶ ዓይኑ መታየት አለበት። ሁለተኛ፣ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል፤ በአንድ ዓይን ጀልባ ላይ መውጣትና መውረድ ያሰናክላል፣ የሐይቁ ውሃም ቁስሉ ላይ ይረጫል። ባሕር ዳር ዘመድ ዘንድ አንድ ሌሊት ለማደር አስባችሁ፣ መሪ ሰው ይዛችሁ ተሻገሩ። በጠዋቱ እሽጉ ሲነሣ የሚቀባ መድኃኒት ይሰጣችኋል። የተሰፋበት ክር የሐር ከሆነ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ራሱ የሚሟሟ ክር ከሆነ አይወጣም። የትኛው እንደሆነ ከመመለሳችሁ በፊት ጠይቁና ቀኑን በራሳችሁ እጅ ወረቀት ላይ ጻፉት።